ራም ሲጠብ፦ የታመቀ ስዋፕ በትንሽ ማሽን ላይ እንዴት ይስተካከል?

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የማቻክል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንዲህ ባሉ ከተሞች በጽሕፈትና ኮፒ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍልና በተማሪ ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ አገልግሎ የመጣ ነው። ራሙ 2 ወይም 4 ጊጋባይት፣ ሀርድ ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት። ማመልከቻ ብቻ ሲጻፍበት ደህና ይሠራል፤ ብራውዘር፣ ስካነርና ሊብሬኦፊስ አንድ ላይ ሲከፈቱበት ግን ስታክ ያደርጋል፤ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል፣ ባለጉዳዩም ቆሞ ይጠብቃል። ራም መጨመር የመጀመሪያው መፍትሔ ነበር። ሆኖም ለአሮጌ ማዘርቦርድ የሚስማማ ራም ከደብረ ማርቆስ ካልተገኘ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነገር ነው። አንዳንዱ ማዘርቦርድም ከተወሰነ መጠን በላይ አይቀበልም።

ሊኑክስ ለዚህ ችግር አንድ መላ ይዞ ከቆየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለጊዜው የማይፈለገውን የራም ይዘት ወደ ዲስክ ከመጣል ይልቅ አምቆ እዚያው ራም ውስጥ ማስቀመጥ። መላው አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ቅንብሩ ነው። አንዱ ባለሙያ «ስዋፕን ጨርሶ አጥፋው» ይላል፣ ሌላው «ስዋፒነስን 10 አድርገው» ይላል፣ ሦስተኛው «180 ካላደረግኸው ዋጋ የለውም» ይላል። ሦስቱም በየማሽናቸው እውነት አይተው ሊሆን ይችላል። ይህ ዳሰሳ ክርክሮቹን አንድ በአንድ ይመለከታል። መነሻ ሐሳቡም እያንዳንዱ ቁጥር ለአንድ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው የሚል ነው፦ በዚህ ማሽን ላይ የሚወደደው የፕሮሰሰሩ ጊዜ ነው ወይስ የዲስኩ ጊዜ? ይህን ሳይጠይቁ የሰው ቁጥር መቅዳት የሰው መነጽር እንደማድረግ ነው።

ስዋፕ ምን ይሠራል?

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራምን የሚያስተዳድረው 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ ነው። ገጾቹ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከዲስክ ፋይል የተነበበ ነው፤ የፕሮግራሙ ኮድ ራሱ፣ የተከፈተ ሰነድ፣ የተነበበ ፎቶ። ይህ ካልተቀየረ ሊጣል ይችላል፤ ሲፈለግ እንደገና ይነበባል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ሲሠራ ራሱ የፈጠረው ነው፤ የብራውዘሩ ትሮች፣ ገና ያልተቀመጠው ጽሑፍ። ይህ ዲስክ ላይ ቅጂ ስለሌለው ዝም ብሎ አይጣልም። ማረፊያው ስዋፕ ነው።

«ስዋፕን አጥፋው» የሚለው ምክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስዋፕ ሲጠፋ ሁለተኛው ዓይነት ገጽ ከራም መውጫ ያጣል፤ ለሰዓታት ያልተነካ ትር እንኳ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ከርነሉ ሊያስለቅቅ የሚችለው የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ስለሚሆን የፕሮግራሞቹን ኮድ ይጥላል፣ ከቅጽበት በኋላ ያንኑ ከዲስክ ያነባል፣ ደግሞ ይጥላል። ስዋፕ የሌለው ኮምፒውተር ራም ሲያልቅበት ዲስኩ የሚያብደው ለዚህ ነው። በወቅቱ በፌስቡክ ይሠራ የነበረው የከርነል መሐንዲስ ክሪስ ዳውን እ.ኤ.አ. በ2018 ለስዋፕ በሰፊው የተሟገተው በዚሁ ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ስዋፕ የድንገተኛ ጊዜ ራም አይደለም፣ ሁለቱ የገጽ ዓይነቶች በእኩል ዓይን እንዲታዩ የሚያደርግ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ስዋፕን የሚጠሉ ሰዎች ያዩት ችግርም ሐሰት አይደለም። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ከተበታተነ ቦታ አንድ ገጽ ለማምጣት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 100 ገጽ፣ ማለትም 400 ኪሎባይት ብቻ። ወደ ስዋፕ የወጣ 100 ሜጋባይት እንዲህ እየተለቀመ ቢመለስ ከ4 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የታመቀ ገጽ ግን በአሮጌ ፕሮሰሰር እንኳ ቢበዛ በ10 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈታል ብንል ያው 100 ሜጋባይት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። የታመቀ ስዋፕ ጉዳይ በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ራምን የማመቅ ሐሳብ ከሊኑክስ ጋር እኩያ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነሉን ባወጣበት በ1991 እ.ኤ.አ. ፖል ዊልሰን በራምና በዲስክ መካከል የታመቀ ማቆያ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ፤ በ1993 ፍሬድ ዳግሊስ ስፕራይት በተባለ ስርዓተ ክወና ላይ ሠርቶ አሳየ። ውጤቱ ድብልቅ ነበር፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ፈጠነ፣ አንዳንዱ ዘገየ። የዚያን ዘመን ፕሮሰሰር ለማመቅ የሚያጠፋው ጊዜ ከዲስኩ ጊዜ እጅግ አይርቅም ነበርና።

ንግዱ ግን ሳይንሱን አልጠበቀም። በ1994 ኮኔክቲክስ የተባለው ኩባንያ ለማኪንቶሽ «ራም ደብለር» ሸጠ፤ እሱ በእርግጥ ይሠራ ነበር። በ1995 ደግሞ ሲንክሮኒስ «ሶፍትራም95»ን ለዊንዶውስ አቀረበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቅጂ ከተሸጠ በኋላ ሲመረመር ፕሮግራሙ ምንም እንደማያምቅ ታወቀ፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም ጉዳዩን ይዞት በ1996 በስምምነት ተዘጋ። «ራምዎን እጥፍ እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ በጥርጣሬ መታየት ያለበት ያኔም ዛሬም ነው።

በሊኑክስ በኩል ኒቲን ጉፕታ «ኮምፕካሽ» ብሎ የጀመረው ሥራ ስሙ ተለውጦ ዜድራም ሆነ፤ ለዓመታት በሙከራ ክፍል ቆይቶ በ2014 ከከርነል 3.14 ጋር ሙሉ አባል ሆነ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀድሞ በ2013 የአይቢኤሙ ሴዝ ጄኒንግስ የሠራው ዜድስዋፕ በከርነል 3.11 ገባ። በዚያው በ2013 አፕል በማክ ስርዓተ ክወናው በማቨሪክስ፣ ጉግል ደግሞ በአንድሮይድ 4.4 ራም ማመቅን ተቀበሉ፤ ማይክሮሶፍት በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ተከተለ። የሊኑክስ ስርጭት የሆነው ፌዶራ 33 በ2020 ዜድራምን ለሁሉም ተጠቃሚ ከመጀመሪያው ክፍት አደረገ። ለ20 ዓመት የተጠራጠሩት ሁሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ የተስማሙት ፕሮሰሰር ከዲስክ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስላደገ ነው።

የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ኢትዮጵያ ውስጥ አልፏል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በሚለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦ የተባሉ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለአገራችን ተማሪዎች ተሰጥተው ነበር። ማሽኑ የሚሠራው በፌዶራ ሊኑክስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ 433 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 256 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 1 ጊጋባይት ፍላሽ። ፍላሽ በተደጋጋሚ መጻፍ ስለሚያረጀው ስዋፕ አልተደረገለትም፤ ልጆቹ ብዙ ሥራ አንድ ላይ ሲከፍቱ ራሙ ያልቅ ነበር። ዜድራም የተፈጠረው እንዲህ ላለ ማሽን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የበሰለው ግን ላፕቶፖቹ ካረጁ በኋላ ነበር።

ዜድራም ወይስ ዜድስዋፕ?

ሁለቱ በስም ይቀራረባሉ፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ዜድራም ራም ውስጥ ያለ የይስሙላ ዲስክ ነው። መጠኑ ይወሰንለታል፣ እንደ ስዋፕ ይከፈታል፣ ወደ እሱ የሚሄደው ገጽ ሁሉ ታምቆ ይቀመጣል። ከኋላው እውነተኛ ዲስክ አያስፈልገውም። ዜድስዋፕ ግን በእውነተኛ የዲስክ ስዋፕ ፊት የሚቆም የታመቀ ማቆያ ነው። ገጾቹን ያምቃል፤ ቦታው ሲሞላ ለረጅም ጊዜ ያልተነኩትን አውጥቶ ወደ ዲስክ ይሰዳል። መደበኛ ጣሪያው የራሙ 20 በመቶ ነው።

የዜድስዋፕ ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ዜድራም ሞልቶ ከኋላው የዲስክ ስዋፕ ቢኖር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የገቡት፣ ማለትም የተረሱት ገጾች፣ ፈጣኑን ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ፤ በኋላ የሚመጡት፣ ማለትም ቶሎ የሚፈለጉት፣ ወደ ዘገምተኛው ዲስክ ይሄዳሉ። ዜድስዋፕ ይህን ስህተት አይሠራም። የዜድራም ደጋፊዎች መልስ ደግሞ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ባለ ማሽን ዲስኩ ጨርሶ ባይነካ ይሻላል የሚል ነው፤ ማቆያው ሞልቶ ወደ ዲስክ መፍሰስ ከጀመረ ዜድስዋፕም ያንኑ የድሮ መንተፋተፍ ያመጣል።

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መለያው የሥራው ዓይነት ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ የሚሠራ፣ ብዙ የተረሳ ይዘት የሚያከማች ሰርቨር ዜድስዋፕ ይስማማዋል። በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለ፣ ማታ የሚጠፋ ዴስክቶፕ ዜድራም ይሻለዋል። ማከማቻው ኤስዲ ካርድ ወይም ርካሽ ፍላሽ ከሆነ ዜድራም ያለ ጥርጥር ይመረጣል፤ ፍላሹን አያስረጅምና። የማያከራክረው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ እንደማይገባ ነው፤ ዜድስዋፕ በዜድራም ፊት ቆሞ ገጾቹን ይቀማል፣ ያው ገጽ ሁለት ጊዜ ሊታመቅም ይችላል። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ዜድስዋፕን ከመጀመሪያው ክፍት አድርገው ስለሚመጡ ዜድራም የሚያስገባ ሰው ያንን መዝጋት አለበት።

ለእኛ አካባቢ አንድ ነጥብ መጨመር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ሃይበርኔት የሚያደርግ ሰው የራሙ ይዘት የሚጻፍበት የዲስክ ስዋፕ ያስፈልገዋል። ዜድራም ራም ውስጥ ስላለ ይህን ሊሸከም አይችልም። እንዲህ ያለው ተጠቃሚ የዲስክ ስዋፑን አስቀምጦ በዜድስዋፕ ቢሠራ፣ ወይም ዜድራሙን በከፍተኛ ቅድሚያ ከፍቶ የዲስክ ስዋፑን በዝቅተኛ ቅድሚያ ከኋላ ቢያቆይ ይሻላል።

መጠኑ

«ዜድራም ስንት ይሁን?» የሚለው ጥያቄ በሒሳብ ይፈታል። 2 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን 2 ጊጋባይት ዜድራም ተሰጠው እንበል። ይዘቱ በግማሽ ከታመቀ ሲሞላ የሚይዘው እውነተኛ ራም 1 ጊጋባይት ነው፤ ለሚሠሩት ፕሮግራሞች የቀረው 1 ጊጋባይት ነው፤ በድምሩ ማሽኑ 3 ጊጋባይት ሥራ ተሸክሟል። ወደ ሲሶ ከታመቀ ዜድራሙ የሚይዘው ወደ 0.7 ጊጋባይት ይወርድና ድምሩ 3.3 ይሆናል። ጨርሶ ካልታመቀ ግን ትርፉ ዜሮ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ድካምም ኪሳራ ነው።

የማይታመቅ ይዘት ደግሞ አለ። የጤፍ ጭድ በጆንያ ቢረገጥ ብዙ ይገባል፤ ጤፉ ራሱ ግን የቱንም ያህል ቢረገጥ ቦታው ያው ነው። ቀድሞ የታመቀ ቪዲዮ፣ ፎቶና የተመሰጠረ መረጃ እንደ ጤፉ ናቸው። ዜድራም እንዲህ ያለውን ገጽ ሳያምቅ እንዳለ ያስቀምጠዋል። በተቃራኒው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይነት እሴት የተሞላ ገጽ ሲመጣ እሴቱን ብቻ መዝግቦ ያልፋል። ለኮፒ ቤት ይህ ጠቃሚ ነው። በ300 ዲፒአይ የተነሣ አንድ ኤ4 ገጽ በቀለም ሲሆን ራም ውስጥ ወደ 26 ሜጋባይት ይይዛል። የስካነሩ ሶፍትዌር ጀርባውን አጽድቶ ንጹሕ ነጭ ካደረገው ኅዳጉ ከሞላ ጎደል በነፃ ይቀመጣል፤ ግራጫ ነጠብጣብ ከቀረበት ግን ቦታ ይወስዳል።

የከርነሉ ሰነድ ከራሙ እጥፍ በላይ ዜድራም መፍጠር ጥቅም እንደሌለው ይናገራል፤ የሚጠበቀው የማመቅ መጠን ሁለት ለአንድ ነውና። ፌዶራ በመጀመሪያ ከራሙ ግማሽ ጀምሮ ጣሪያውን 4 ጊጋባይት አደረገ፤ በሚቀጥለው እትም ከራሙ እኩል፣ ጣሪያው 8 ጊጋባይት እንዲሆን ከፍ አደረገው። ለ2 ጊጋባይት ማሽን ከራሙ እኩል መጀመር አስተማማኝ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ የሚቻለው የማመቅ መጠኑ በልኬት ከታየ በኋላ ነው። ትልቅ ዜድራም አደጋው ባዶ ሳለ አይደለም፤ ባዶውን የሚይዘው ከመጠኑ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ነው። አደጋው ሲሞላ ነው፤ የታመቀው ክምር የሕያዋኑን ፕሮግራሞች ቦታ ይበላና ማሽኑ ሲያምቅና ሲፈታ ይውላል።

አልጎሪዝሙና የአማርኛ ጽሑፍ

ምርጫው በተግባር ሦስት ነው። ኤልዜድኦ-አርኤልኢ ለዜድራም ለረጅም ጊዜ መደበኛ የነበረው ነው። የያን ኮሌት ኤልዜድ4 ከሁሉ ፈጥኖ ይፈታል፣ ግን ብዙ አያምቅም። ያው ሰው በፌስቡክ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ዜድስታንዳርድ የተሻለ ያምቃል፣ ግን ፕሮሰሰሩን የበለጠ ያሠራል። የተለመደው ምክር ደካማ ፕሮሰሰር ላለው ኤልዜድ4፣ ለሌላው ዜድስታንዳርድ ነው። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን የሚሽከረከር ዲስክ ካለ ሚዛኑ ይለወጣል። ዜድስታንዳርድ በገጽ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ቢያስከፍል እንኳ ተጨማሪ የያዘው ቦታ አንድ የዲስክ ጉዞ ካስቀረ 10 ሺህ ማይክሮሰከንድ አትርፏል።

የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል፤ «አማኑኤል» የሚለው ቃል 15 ባይት ነው። መደበኛው የፊደል ገበታችን በሚገኝበት ክልል የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አንዱ ነው። ብራውዘሮችና ሊብሬኦፊስ ራም ውስጥ የሚይዙት ደግሞ በዩቲኤፍ-16 ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ሲሆን አንዱ ባይት 18 ወይም 19 ነው። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ከያዘው ውስጥ ግን ብዙው ድግግሞሽ ነው።

ይህን ድግግሞሽ ሁሉም አልጎሪዝም እኩል አያየውም። ኤልዜድ4 የሚፈልገው ቢያንስ 4 ባይት ሆኖ የተደገመ ተከታታይ ነው፤ በየሁለት ባይቱ ብቅ የሚለውን 18 ለብቻው ሊጠቀምበት አይችልም። ዜድስታንዳርድ ግን ከድግግሞሽ ፍለጋው በተጨማሪ ደጋግሞ ለሚመጣ ባይት አጭር ኮድ ስለሚሰጥ ከአማርኛ የበለጠ ያተርፋል። ቢሆንም ነገሩ በልኩ ይታይ። 40 ገጽ የሆነ የአማርኛ ሰነድ ፊደሎቹ ብቻቸውን ከ200 ኪሎባይት አይበልጡም። ራሙን የሚጨርሰው ጽሑፉ አይደለም፤ ጽሑፉን የከፈተው ፕሮግራም፣ በውስጡ የተለጠፉት ሥዕሎችና አጠገቡ የተከፈተው ድረ ገጽ ናቸው።

ስዋፒነስ፦ 10፣ 60 ወይስ 180?

ብዙ አለመግባባት ያለው እዚህ ነው። ስዋፒነስ ራሙ ስንት በመቶ ሲሞላ ስዋፕ ይጀመር የሚል መለኪያ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አይደለም። ለከርነሉ የሚነግረው ከሁለቱ የገጽ ዓይነቶች የትኛውን መልሶ ማምጣት እንደሚረክስ ነው። መደበኛው 60 ነው፤ ይህም ወደ ስዋፕ የሄደው ገጽ ከፋይል ገጹ ይልቅ ለመመለስ ይወደዳል የሚል ግምት ነው። በእኩል ዋጋ የሚያያቸው 100 ነው። እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ጣሪያው 100 ነበር፤ ከከርነል 5.8 ጀምሮ 200 ሆነ። ምክንያቱም የታመቀ ስዋፕ ከዲስክ ፋይል ይልቅ እጅግ የሚረክስበት ማሽን መብዛቱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ 200ን ለሁለቱ ወገኖች በፍጥነታቸው ልክ ማካፈል። ስዋፑ ከፋይል ንባብ እጥፍ ከፈጠነ 133፣ ዘጠኝ እጥፍ ከፈጠነ 180። ፖፕ-ኦኤስ የተባለው ስርጭት ከዜድራም ጋር 180ን የመረጠው በዚህ መንገድ ሲታይ ትርጉም ይሰጣል። «10 አድርገው» የሚለው ምክር ደግሞ የዲስክ ስዋፕ ዘመን ምክር ነው፤ በዜድራም ላይ ሲተገበር ፈጣኑን መንገድ ዘግቶ ሥራውን ሁሉ ወደ ዘገምተኛው ዲስክ ይመልሳል።

ስሌቱ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ 199ን የሚያዝዝ ይመስላል። ግን የማመቅና የመፍታት ሥራ ሁሉ የሚያርፈው በፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ባለሁለት ኮር አሮጌ ማሽን ላይ ያው ፕሮሰሰር ድረ ገጹንም ማሳየት አለበት። ለዚህ ከ120 እስከ 150 ባለው ክልል መጀመርና እየለኩ መጨመር ይመከራል። የተለየ ሥራ የተለየ መልስ አለው። ራዝበሪ ፓይ በተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ ኪዊክስ በተባለ ፕሮግራም የአማርኛ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለክፍል የሚያቀርብ ትምህርት ቤት ዋና ሀብቱ የፋይል ገጾቹ ናቸው። እዚያ ከፍ ያለ ስዋፒነስ የሚነበበውን ፋይል ራም ውስጥ ለማቆየት ይረዳል።

ከዚህ ጋር አንድ ቁጥር ሁልጊዜ መለወጥ አለበት። ፔጅ-ክላስተር የሚባለው መለኪያ መደበኛ ዋጋው 3 ነው፤ አንድ ገጽ ከስዋፕ ሲፈለግ 8 ገጽ አብሮ ይምጣ ማለት ነው። ለዲስክ ብልህነት ነበር፤ ጭንቅላቱ አንዴ ከደረሰ ጎረቤቱንም ይዞ ቢመለስ ይቀለዋል። በዜድራም ግን ሰባቱ ያለ ጥያቄ ይፈታሉ፣ ራምም ይይዛሉ። 0 መሆን አለበት። በዚህ ላይ የከረረ ክርክር የለም።

ስልኩስ?

በአማኑኤል ከኮምፒውተር ይልቅ ሊኑክስ የሚገኘው በየኪሱ ነው። እያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ በሊኑክስ ከርነል ይሠራል፤ ርካሾቹም ብዙውን ጊዜ በዜድራም ላይ ይደገፋሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው አንድሮይድ ጎ 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ራም ላላቸው ስልኮች የታሰበ ነበር።

በቅርብ ዓመታት የቴክኖና የሌሎችም ስልኮች ማሸጊያ ላይ «8 ጊጋባይት፣ 4+4» የሚል ጽሑፍ ይታያል። የመጀመሪያው 4 ራም ነው። ሁለተኛው 4 ከስልኩ ማከማቻ ለስዋፕ የተመደበ ቦታ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ሶፍትራም95ም አይደለም፤ ነገሩ በእርግጥ ይሠራል። ግን 8 ጊጋባይት ራም አይደለም። ከጀርባ የተረሱ መተግበሪያዎች ሳይዘጉ እንዲቆዩ ይረዳል፤ አሁን እየተሠራበት ያለው አንድ መተግበሪያ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሲፈልግ ግን አያድነውም። ርካሽ ማከማቻ ባለው ስልክ ብዙ በመጻፍ ማስረጀቱም አለ። ገዢ ሁለት ስልክ ሲያወዳድር ከመደመሪያው ምልክት በፊት ያለውን ቁጥር ማየት ይበቃዋል።

ያለ ልኬት ቅንብር የለም

ለውጡ መጥቀሙን በስሜት ማወቅ አይቻልም፤ አዲስ የተነሣ ኮምፒውተር ምንጊዜም ፈጣን ነው። ዜድራም ስለ ራሱ የሚሰጣቸው ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ የገባው ይዘት መጠን፣ ታምቆ የሆነው መጠን፣ በጠቅላላ የያዘው ራም። የመጀመሪያውን ለሦስተኛው ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ2 በላይ ከሆነ ዜድራሙ ኑሮውን ችሏል። ወደ 1.3 ከወረደ መጠኑን መቀነስ ወይም አልጎሪዝሙን መቀየር ይገባል።

ሁለተኛው መለኪያ ከከርነል 4.20 ጀምሮ ያለው፣ የፌስቡኩ ዮሃንስ ዋይነር የሠራው የጫና መለኪያ ነው። ፕሮግራሞች ራም በመጠበቅ ያባከኑትን ጊዜ ባለፉት 10፣ 60 እና 300 ሰከንዶች በመቶኛ ይናገራል። ጥሩነቱ ከነጻ ራም መጠን ይልቅ ተጠቃሚው የሚሰማውን መጓተት መለካቱ ነው። አንድሮይድም ከእትም 10 ጀምሮ የትኛው መተግበሪያ ይዘጋ ብሎ ሲወስን ይህንኑ ይመለከታል። የስዋፕ እንቅስቃሴን ብቻ ማየት ግን ያሳስታል፤ በዜድራም ላይ በሰከንድ ሺህ ገጽ መግባትና መውጣት የተለመደ ነው፣ በዲስክ ላይ ግን ያው ቁጥር ጥፋት ነበር።

ሦስተኛው መለኪያ ሥራው ራሱ ነው። በኮፒ ቤት ቀን በቀን የሚሠራውን ቅደም ተከተል መምረጥ ነው፤ ስካን፣ ሰነድ፣ ብራውዘር፣ ከዚያ ወደ ሰነዱ መመለስ። በየጊዜው አንድ ቁጥር ብቻ ለውጦ ያንኑ መድገም ነው። ሁለት ቁጥር አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

ለየማሽኑ የሚመከረው

1 ወይም 2 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ዲስክ ላለው ዴስክቶፕ፦ ዜድራም ከራሙ እኩል፣ ፔጅ-ክላስተር 0፣ ስዋፒነስ ከ120 እስከ 150፣ ፕሮሰሰሩ ከቻለ ዜድስታንዳርድ፣ ካልቻለ ኤልዜድ4። ራሙ በእርግጥ ሲያልቅ ማሽኑ ለደቂቃዎች ደንዝዞ በኃይል ከሚጠፋ ትልቁን ፕሮግራም ቀድሞ የሚዘጋ ጠባቂ ቢኖር ይመረጣል።

4 ጊጋባይት ላለው ላፕቶፕ፦ ከራሙ ግማሽ እስከ እኩል፣ ዜድስታንዳርድ። ሃይበርኔት የሚጠቀም ከሆነ የዲስክ ስዋፑን አያጥፋ። 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ላለው የስርጭቱ መደበኛ ቅንብር ይበቃል፤ እዚያ ላይ ቅንብር መነካካት የተጠቃሚውን ጊዜ ከማባከን አያልፍም። ዲስኩ በኤስኤስዲ ከተተካ ደግሞ ስሌቱ እንደገና ይሠራ፤ አንድ ገጽ በ100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሚመጣ የዜድራም ብልጫ ከሺህ እጥፍ ወደ አሥር እጥፍ አካባቢ ይወርዳል።

አንድ ጥቅም በተለይ ለአማራ ክልል አንባቢ መነገር አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ዜድራምም ዜድስዋፕም በተለመዱት የሊኑክስ ስርጭቶች ከርነል ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ዜድራምን የሚከፍተው ትእዛዝም ብዙውን ጊዜ ከስርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣል። የሚወርድ ነገር ሳይኖር፣ በጥቂት መስመር፣ ያለ ኢንተርኔት ይስተካከላሉ። ቁጥሮቹም ማሽኑ ሳይጠፋ ይለወጣሉ፤ ያልሠራው ማሽኑ ዳግም ሲነሣ ይጠፋል፣ የሠራው ብቻ በቅንብር ፋይል ይጻፋል።

በመጨረሻ ገደቡ ግልጽ ይሁን። የታመቀ ስዋፕ 2 ጊጋባይቱን ማሽን የ3 ጊጋባይት ያህል ያሠራዋል እንጂ 8 አያደርገውም። የጫና መለኪያው ቅንብሩ ሁሉ ተስተካክሎም ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ ከዋለ የቀረው ጥያቄ የቁጥር አይደለም፤ ቀለል ያለ ብራውዘርና ዴስክቶፕ መምረጥ፣ አለበለዚያም ራሙን ፈልጎ መግዛት ነው። ቅንብሩን በሚገባ የሠራ ሰው ትልቁ ትርፉ ይህ ነው፤ ገንዘቡን ሳያወጣ በፊት በእርግጥ ማውጣት እንዳለበትና እንደሌለበት ያውቃል።